ትል አያችሁ? መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ሁሌ በሌሊት ነው የሚጀምረው። ዓሣና ኮራል (ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ) የሚኖሩበት የቤት የጨው ውሃ ታንክ መብራቱ ጠፍቷል። ባለቤቱ እንቅልፍ እምቢ ብሎት የእጅ ባትሪ ይዞ ይመጣል። ከድንጋዩ ስር ሮዝ፣ ጸጉራም፣ የትንሽ ጣት ርዝመት ያለው ነገር ሲሳብ ያያል። ወዲያው የደበዘዘ ፎቶ ይደርሰኛል። ከፎቶው ስር ሁለት ጥያቄ አለ። "ይሄ ምንድን ነው?" እና "ምን ልጨምርበት?" የመጀመሪያውን እወደዋለሁ። ሁለተኛው ያስደነግጠኛል።

በትል ምክንያት ሙሉ የኮራል ታንክ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም። ትሉን ለማጥፋት ሲባል በአንድ ሌሊት ያለቀ ግን አይቻለሁ። አንዱ የራሴ ነው።

ከዚያ ከሮዙ እንጀምር። ብሪስትል ዎርም ይባላል። ያለ ደሞዝ የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛ ነው። የተረፈ ምግብ፣ የዓሣ ቆሻሻ፣ የሞተ ቀንድ አውጣ ይበላል። እናንተ የማትደርሱበት ስንጥቅ ውስጥ ሁሉ ይገባል። ጀማሪ ሲያየው ግን በወረንጦ አንድ በአንድ መልቀም ይጀምራል። ድንጋዩን ሲያገላብጥ ኮራሉን ይሰብራል። ጠዋት የሞተ ዓሣ ላይ ተሰብስበው ካገኛችኋቸውም "ገደሉብኝ" አትበሉ። ለቀስተኞች ናቸው፣ ያውም ርቧቸው የመጡ። ብዛታቸው ካስጨነቃችሁ ለዓሣዎቹ የምትሰጡትን ምግብ ቀንሱ። ትል ከቀለቡ በላይ አይበዛም።

ከዚህ ዘር እውነተኛ ወንጀለኛ አለ፤ ሄርሞዲሴ ካሩንኩላታ የሚባለው ፋየር ዎርም። የአትላንቲክና የሜዲትራኒያን ባሕር ትል ነው። ወፈር ያለ ነው፣ ሲነካ በጎንና ጎኑ ያሉትን ነጭ የጸጉር ጥቅሎች ይዘረጋል። የቅርንጫፍ ኮራል ጫፍ ላይ አፉን እንደ ካልሲ አጥልቆ ሥጋውን ያሟሟል። ሲለቀው ጫፉ ነጭ አጥንት ሆኖ ይቀራል። እሱን አውጡት።

ሁለቱንም በባዶ እጅ አትንኩ። ጸጉራቸው እንደ ቁልቋል እሾህ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ከተወጋችሁ ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉት፣ ከዚያ አቼቶ አድርጉበት። እኔ መጀመሪያ ጊዜ በሌላው እጄ አሸሁት። ሁለቱም እጆቼ ሲለበልቡኝ አደሩ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ቀይ ጠፍጣፋ ትል። ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ቀለሙ የዝገት ነው፣ ጅራቱ ሦስት ጫፍ አለው። በሰውነቱ ውስጥ አልጌ፣ ማለትም በብርሃን የሚኖሩ ጥቃቅን ዕፅዋት መሳይ ነገሮች፣ ስለሚይዝ ብርሃን ይወዳል። ውሃው በማይፈጥንበት ቦታ አሸዋው ላይና መስታወቱ ላይ ይነጠፋል። ኮራል አይበላም፤ ሲበዛ ግን ላዩ ላይ ተኝቶ ብርሃን ይከለክለዋል። የሚገድለው መድኃኒት በጠርሙስ ይሸጣል። ይሠራል። ጣጣው የሚመጣውም በደንብ ስለሚሠራ ነው። እነዚህ ትሎች ሲሞቱ መርዝ ይለቃሉ። አሥር ቢሞቱ ታንኩ አይሰማውም። ብዙ ሺህ በአንድ ሰዓት ሲሞቱ ግን ዓሣውም ቀንድ አውጣውም አብሮ ይሄዳል።

ይህን አንብቤ አውቅ ነበር። ግን "የኔ ያን ያህል አይበዙም" አልኩ። ማታ ላይ መድኃኒቱን አንጠባጠብኩ። በደቂቃዎች ውስጥ ትሎቹ እየተጠቀለሉ ከድንጋዩ መርገፍ ጀመሩ። ደስ አለኝ፣ ቁጭ ብዬ አየሁ። ከዚያ ከየስንጥቁ ይወጡ ጀመር። ቀን አይቼው የማላውቀው ብዛት ነበር፤ ውሃው ቅጠሉ እንዳልተጠለለ ሻይ ሆነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዓሣዎቹ ላይኛው ውሃ ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ። ካርቦን፣ ያ ከውሃ መርዝ የሚመጠው ጥቁር ከሰል፣ ቤት ውስጥ የለም። የተዘጋጀ የጨው ውሃ የለም። ጨዉ ገና ሳይሟሟ፣ ነጭ ደመና እየዞረ፣ ባልዲውን ገለበጥኩት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባል የለ? እኔ ጠዋት በመረብ ለቀምኩ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ መድኃኒቱን ከመክፈታችሁ በፊት ትሎቹን በቱቦ ከታንኩ ወደ ባልዲ ምጠጡ። ቀጭን ቱቦ፣ ባልዲ፣ ትዕግሥት። በየቀኑ፣ አንድ ሳምንት ወይም ሁለት። ፈልጋችሁ የምታጧቸው ሲሆን ብቻ መድኃኒቱን አስቡ። ያን ቀን አዲስ ካርቦን ታጥቦ በአጠገባችሁ ይሁን። የታንኩን ሲሶ የሚሞላ የጨው ውሃ ከአንድ ቀን በፊት ተበጥብጦ፣ ሙቀቱም ጨዉም ከታንኩ ጋር እኩል ሆኖ ይጠብቅ። ትሎቹ ሲረግፉ መምጠጡን አታቁሙ። አየር የሚያስገባ ፓምፕ አስነሱ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ጊዜ ሲያልፍ ካርቦኑን አስገቡ፣ ውሃውን ቀይሩ።

ሌላው ጠፍጣፋ ትል ኮራል በላተኛ ነው፤ አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል ላይ ብቻ ይኖራል። ከበላው ኮራል ቀለም ስለሚወስድ ዓይናችሁ ስር ሆኖ አታዩትም። የምታዩት ክብ ክብ የገረጣ ንክሻ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፤ ኮራሉን አንድ ጊዜ መድኃኒት ውስጥ ነክሮ መገላገል። መንከሪያው ትሉን ይገድላል፣ እንቁላሉን አይነካም። እንቁላሉ ሥጋ የሌለበት የኮራሉ እግር ላይ እንደ ቡናማ ፍርፋሪ ተለጥፎ ይቀራል፣ ከዚያ ይፈለፈላል። ውሃው ሲሞቅ ቶሎ፣ ሲቀዘቅዝ እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ። እንቁላሉን ፋቁት፣ እግሩን ቆርጣችሁ ጣሉት ቢቻል፣ በየሳምንቱ ለስድስት ሳምንት ንከሩ። አዲስ ኮራልም ከዚህ በፊት ዋናው ታንክ አይግባ። ለይቶ ማቆያ ለሰው ብቻ አይደለም።

"ትል የሚበላ ዓሣ ልግዛ?" ባለስድስት መስመሩ ዎራስ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ትል ይለቅማል፣ እውነት ነው። ሁሉንም ግን አይጨርስም፣ ትንሽ ታንክ ውስጥ ደግሞ ሲያድግ የሰፈር ጉልቤ ይሆናል። ቀዩን ትል ብቻ የሚበላው ባለ ሰማያዊ መስመር የባሕር ስለግ (ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ መሳይ) የበለጠ ያሳዝነኛል። ሥራውን ሲጨርስ በረሃብ ይሞታል።

የእንስሳት የትል መድኃኒት፣ በተለይ ፌንቤንዳዞል፣ ታንክ ውስጥ አትጨምሩ። ላባ መሳይ ትሎቻችሁንና ቀንድ አውጣዎቻችሁን ይጨርሳል፣ ድንጋዩ ውስጥ ሰርጎም ይቆያል።

ድንጋዩን በሙሉ የቧንቧ ውሃ ውስጥ መንከርም ያው ነው፤ ጥሩውንም መጥፎውንም ትገድላላችሁ።

አንድ ትል ግን ቢያስፈራችሁ አልፈርድም። ቦቢት ዎርም። አምስት አንቴና አለው፣ ቆዳው በባትሪ ሲያዩት ቀስተ ደመና ይመስላል፣ መንጋጋው ዓሣ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ሺራሃማ የተገኘው 299 ሳንቲሜትር ነበር። ስህተቱ ጎትቶ ለማውጣት መሞከር ነው። ይበጠሳል፣ ጭንቅላቱ ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል። ድንጋዩን ራሱን አውጥታችሁ ለብቻው የጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ አኑሩት፣ ከዚያ ረጋ ብላችሁ ታገሉት።

ፎቶ ስትልኩልኝ ባትሪውን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኑት፣ ከነጭ ብርሃን ያነሰ ይሸሹታል። ከጭንቅላቱ በኩል አንሱት። አንቴናውን ቁጠሩ። ምን ላይ እንደተቀመጠ ንገሩኝ። የጨመራችሁበት ነገር ካለም አትደብቁኝ፣ ውሃው ሻይ ከመሰለ በኋላ ማወቁ አይጠቅመኝም።