ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሐይቁን የማይጎዳ ዓሣ እንዴት ይመረጣል?

ጾም ሲገባ ደሴ ላይ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ። ሻጩ «አብሽር፣ የሐይቅ ነው» ይላል፣ ገዢው ዋጋ ይከራከራል፣ ፊሌቶው በፌስታል ይገባል፣ አለቀ። ማንም የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ይሄ ዓሣ ከመያዙ በፊት አንዴ እንኳ ተራብቶ ነበር?

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለን። ግን ሌሊት ሐይቅ ላይ የሚጣለውን እያንዳንዱን መረብ የሚያይ ተቆጣጣሪ የለም። ገዢው ግን ዓሣውን በዓይኑ ያየዋል።

1. ሙሉውን ግዙ

ፊሌቶ ይመቻል፣ ልክ ነው። ችግሩ ዝርያውንም መጠኑንም ይደብቃል። ቆዳው ተገፎ ሥጋው ብቻ ሲቀር ትልቁም ትንሹም ያው ነጭ ሥጋ ነው። ስለዚህ ሙሉውን አይታችሁ ምረጡ፣ ከዚያ «እዚሁ ፊቴ አውጣልኝ» በሉት። ጭንቅላቱንና አጥንቱንም አትተዉለት፤ ጥሩ ሾርባ ይወጣዋል።

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ቅርፊት አለው፣ ጎኑ ሰፋ ያለ ነው። ጅራቱን ዘርጋ አድርጋችሁ ብታዩት ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉበት። አምባዛ ረጃጅም ጢም አለው፣ ቆዳው ልሙጥ ነው፣ ቅርፊት የለውም። ካርፕ ደግሞ ቅርፊቱ ትልልቅ ነው፣ አፉ ዳር አጫጭር ጢሞች አሉት፣ የጀርባው ክንፍ ረጅም ነው።

ስንጥቡንም ገለጥ አድርጉ። ቀይ ከሆነ ጥሩ፤ ቡናማ ሆኖ ከተዝለገለገ ተዉት። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና የሚሞቅ ስለሆነ እዚያ በጠዋት መግዛት ነው የሚያዋጣው። ተበላሽቶ የሚጣል ዓሣ ለእናንተም ለሐይቁም ኪሳራ ነው።

2. በስንዝር ለኩት

ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ከስንዝራችሁ ያነሰ ቆሮሶ አትግዙ። ይሄ የሕግ ልኬት አይደለም፤ ገበያ ላይ ሜትር ይዞ የሚሄድ ስለሌለ እኔ የምጠቀምበት ነው።

የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። መረብ ውስጥ ስትገባ ትተፋቸዋለች። ስለዚህ በመራቢያዋ ሰዓት የተያዘች እናት ብቻዋን አትሞትም። የመረቡ ዓይን ሲጠብ ደግሞ ገና አንዴም ዘር ያልተኩት ሁሉ ይጠረጋሉ። ሐይቅ እንዲህ ለዓመታት ሲጠረግ ትልልቆቹ ያልቃሉ፣ የቀሩት ሳያድጉ መራባት ይጀምራሉ። ሐይቁ ባዶ አይመስልም፤ የሚወጣው ዓሣ ግን መዳፍ የማይሞላ ይሆናል።

ሻጩ «ትንሹ ይጣፍጣል፣ ርካሽም ነው» ይላችኋል። ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታችሁ መዝኑትና ርካሽ መሆኑን ያኔ እንነጋገራለን።

3. «ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ

ለደሴ ቅርቡ ራሱ «ሐይቅ» የሚባለው ሐይቅ ነው፤ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከጎኑ አርዲቦ አለ። የሐይቁ ቆሮሶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰው እጅ የገባ ነው። በአብዛኛው የውሃ ውስጥ አልጌ እየበላ የሚያድግ፣ በዓመት ደጋግሞ የሚራባ ዓሣ ስለሆነ ስንዝሩን ካለፈ ብዙም ሳትጨነቁ ግዙት።

ሻጩ ከጣና ነው ካላችሁ ግን ቆም በሉ። ቆሮሶና አምባዛ ከሆነ ያው ነው። ባርበስ ከሆነ ግን እኔ አልገዛም። ጣና ውስጥ 17 ገደማ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። አጥማጅም ይሄንን ያውቃል። ወንዙ ሐይቁን በሚገናኝበት አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ወንዝ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ በትኖ አደንዝዞ የሚለቅምም አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ ከገባ በኋላ በ1990ዎቹ ብቻ የባርበሶቹ ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላል የሞላው የጣና ባርበስ ቢቀርብላችሁ፣ ፍልሰታም ቢሆን እለፉት።

«ነጭ ዓሣ» ሲሏችሁም የየት ሐይቅ እንደሆነ ሳትሰሙ አትስማሙ። ከጫሞ የሚመጣው «ነጭ ዓሣ» ናይል ፐርች የሚባለው ትልቁ አዳኝ ዓሣ ነው፤ እሱም በአጥማጅ ብዛት ክፉኛ ተመናምኗል።

ሆቴል ውስጥም ያው ነው። ምናሌው «ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ኮተሌት፣ ዓሣ ለብለብ» ይላል እንጂ የትኛው ዓሣ እንደሆነ አይናገርም። አስተናጋጁን ጠይቁት፣ ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆ ይመጣል። አንዳንዱ ይገረማል። ይገረም።

4. ቆሮሶ ላይ ብቻ አትረባረቡ

ይሄ ነጥብ ስስ ነው። ብዙ ክርስቲያን ወገኖች ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ስለሚከለክል አምባዛ አይበሉም። የእምነት ጉዳይ ነውና አልከራከርም። ውጤቱ ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓሣ ላይ ይረባረባል፣ ሐይቁም የሚጎዳው በዚያው በኩል ነው። ቅርፊት ለሚፈልግ ካርፕ አለ። እሾሁ ብዙ ነው፣ አልዋሽም። ጎኑን በቢላ ጥቅጥቅ አድርጎ ከበጡት በኋላ በጋለ ዘይት ሲጠበስ ቀጫጭኑ እሾህ ይሰባበራል። የእምነት ክልከላ የሌለበት ደግሞ አምባዛን ይሞክር። ሥጋው ሰባ ያለ ነው፣ ለወጥ ከቆሮሶ ይሻላል ባይ ነኝ።

5. የባሕር ዓሣና የጣሳ ዓሣ

ኮምቦልቻ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናትና የባሕር ዓሣ የሚያቀርብ ቤት ቢያጋጥማችሁ ሃሙር የሚባለውን ተጠንቀቁት። ዕድሜው ረጅም ነው፣ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ሴት ሆነው ይጀምሩና ሲያድጉ ወንድ ይሆናሉ፤ ትልልቁ ብቻ ሲታደን ወንድ ይጠፋል።

ሱቅ ውስጥ ቱና ስትገዙ የጣሳውን ጀርባ አንብቡ። ስኪፕጃክ የሚል ካለ እሱን ምረጡ፤ ቶሎ የሚያድግና ቶሎ የሚራባ የቱና ዓይነት ነው። በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ የተያዘ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ ትልቅ መረብ ሌላውንም ፍጥረት አብሮ ይጠርጋል። የዓሣ ቅርጽ ያለበት የማሪን ስቱዋርድሺፕ ካውንስል ሰማያዊ ምልክትም ጥሩ ፍንጭ ነው። የዝርያው ስምም ምልክቱም ከሌለ ቱናውን መደርደሪያው ላይ መልሱና ሳርዲን ውሰዱ።