የናፍጣ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት አምራቹን እንዴት ይመዝናሉ?

በጎንደርና በዙሪያዋ ለወፍጮ ቤት ወይም ለመስኖ የናፍጣ ሞተር የሚገዛ ሰው፣ ከዋጋው አስቀድሞ የአምራቹን የንግድ ጥንካሬ ቢመዝን ይበጀዋል። እንደ ከሚንስ (በ1919 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ) እና ፐርኪንስ (1932 እ.ኤ.አ.) ያሉ አምራቾች ትልቁ ብርታታቸው ለሸጡት ሞተር ለረጅም ዓመታት መለዋወጫ ማቅረባቸው ነው። ስለዚህ የሞዴሉን ቁጥር ይዘው የከተማውን የመለዋወጫ ሱቆች ይዙሩ፤ ኖዝል (ነዳጅ የሚረጨው ክፍል)፣ ፊልትሮና የራስጌ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል የሚገባው ማሸጊያ) መደርደሪያ ላይ መኖራቸውን በዓይንዎ ይዩ፤ «ይመጣል» የሚለውን መልስ እኔ እንደ «የለም» እቆጥረዋለሁ።

ቀጥሎ ከፍታውን ያስቡ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ ስስ በመሆኑ ቱርቦ (አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከተጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ጥሩ አምራች ጉልበቱ በከፍታ ምን ያህል እንደሚቀንስ በመመሪያው ያሰፍራል፤ ገጹን ሳያዩ አይክፈሉ። ዋስትናውንም በጽሑፍ ይቀበሉ።