የአካባቢ ልማት ሲወሰን ነዋሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ፋብሪካ ሊተከል ነው፣ የቆሻሻ መድፊያ ሊቆፈር ነው ሲባል ጥቅሙም ጉዳቱም ቀድሞ የሚደርሰው እዚያው ለሚኖረው ሰው ነው። እርግጥ ነዋሪን መስማት የማይፈልግ አስተዳደር አለ። ለመስማት የተዘጋጀ ሲገኝ ግን ዕድሉን በራሳችን ስህተት ማባከን ያሳዝናል።

ዶዘር ሲገባ መንቃት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ማሽኑ ሰፈር ሲደርስ ቦታው ተመርጧል፣ ዲዛይኑ ጸድቋል፣ ከኮንትራክተሩ ጋር ውል ታስሯል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ነገር ማስቀየር እንኳ ብዙ ገንዘብና ጭቅጭቅ ይጠይቃል። ሐሳብዎ ትክክል ቢሆንም "አሁንማ አልፏል" ይባላሉ።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ፣ ማለትም ፕሮጀክቱ በተፈጥሮና በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ የሚያየው ጥናት፣ ሲጀመር፣ ጥናቱ ምን ምን ጉዳዮችን እንደሚያይ የሚለይበት ደረጃ አለ። የነዋሪ ቃል ብዙ የሚሠራው ያኔ ነው። ሰው የሚጠጣው ምንጭ በዚያ ደረጃ ካልተነሳ፣ በኋላ የሚወጣው ሪፖርትም ሊዘለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ የተፈረመው፣ በአካባቢ ጉዳይ ላይ የሕዝብን ተሳትፎ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ሕዝብ መሳተፍ ያለበት ገና ሁሉም አማራጭ ክፍት ሳለ ነው ይላል። አገርዎ የስምምነቱ አባል ባይሆንም "እስካሁን ያልተወሰነው የቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ስብሰባ ሲገቡ ከሁሉ በፊት ይህንን ይጠይቁ።

መገኘትን እንደ መሳተፍ መቁጠር

ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ 8 እርከን ባለው መሰላል አሳይታለች። መረጃ መስጠት 3ኛው፣ ማማከር ደግሞ 4ኛው እርከን ላይ ናቸው። ሥልጣን መጋራት የሚጀምረው ከ6ኛው ነው። አዳራሽ ተቀምጦ ገለጻ ሰምቶ የወጣ ሰው ገና መሰላሉን አላጋመሰም።

አቴንዳንስ ላይ ሲፈርሙም ከወረቀቱ አናት የተጻፈውን ያንብቡ። "የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝር" እና "በፕሮጀክቱ የተስማሙ ነዋሪዎች" ፈጽሞ አይገናኙም። ርዕስ በሌለው ባዶ ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

"አንፈልግም" ብሎ መቆም

ቁጣው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግን "አካባቢያችን ይበላሻል" የሚል አቤቱታ ለሚወስነው ሰው የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። "የሕዝቡ ስጋት ተመዝግቧል" ተብሎ ይታለፋል። ይህንን ደግሞ ያስተያዩት፦

"በካርታው ላይ የጎርፍ መውረጃው ቱቦ የሚያበቃው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። ባለፈው ከባድ ዝናብ ውሃው አጥሩን አልፎ ክፍል ውስጥ ገብቷል። ፎቶው ከነቀኑ ተያይዟል። መውረጃው እስከ ወንዙ እንዲቀጥል እንጠይቃለን። የማይቻል ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን።"

ቦታው፣ ማስረጃው፣ የሚፈለገው ለውጥ ሁሉም አለ። መሐንዲሱ እንዲህ ያለውን በቀላሉ አይዘልለውም። ማንም ባለሙያ ውሃው የት እንደሚተኛ ከነዋሪው በላይ አያውቅም።

ሪፖርቱ ወፍራም ነው ብሎ መተው

የተፅዕኖ ግምገማውን ሪፖርት ሁሉንም ማንበብ የለብዎትም። ማጠቃለያውን፣ ካርታዎቹን፣ አማራጮች የተነጻጸሩበትን ምዕራፍና የአካባቢ አያያዝ ዕቅዱን (ጉዳቱ እንዴት እንደሚቀነስ የሚዘረዝረውን) ይያዙ። አማራጮቹ ውስጥ "ፕሮጀክቱ ባይሠራስ?" የሚለው መታየቱን ይፈትሹ። ዕቅዱ ላይ ደግሞ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው በጀት እንደሚሠራ ይፈልጉ። በጀትና ኃላፊ የሌለው ተስፋ ወረቀት ላይ እንዳለ ሊቀር ይችላል።

ሁሉንም በቃል መጨረስ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ሐሳብዎን ጽፈው ያስገቡ፣ ኮፒው ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። ያነሱት ነጥብ ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩንም ያረጋግጡ።

ደፋር ተናጋሪዎችን ብቻ መላክ

ሁልጊዜ የሚናገሩት እነዚያው ሰዎች ከሆኑ የሚነሳውም የእነሱ ጉዳይ ነው። ተከራይ "ቤቱ የኔ አይደለም" ብሎ ይቀራል፤ አቧራውን የሚተነፍሰው ግን እሱ ነው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ደረጃ የበዛበት አዳራሽ አይገባም። ሕፃን የያዘች እናት ማታ አትመጣም። ሰዓቱና ቦታው እንዲቀየር መጠየቅ ቅንጦት አይደለም፣ እነሱ የሚያውቁትን ሌላው አያውቀውምና።

ከውሳኔው በኋላ መበተን

ፈቃድ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ቅድመ ሁኔታ አብሮት አለ፦ የሥራ ሰዓት፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ የሚተከል ዛፍ። ቅጂውን ይጠይቁ። የይግባኝ ጊዜም አጭር ሊሆን ስለሚችል ቀኑን ወዲያው ያጣሩ።

አንድ ነገር ግን ሥራው ሳይጀመር መደረግ አለበት። የግድግዳዎን ፎቶ ያንሱ፤ ያለው ስንጥቅ አጠገብ ማስመሪያ አስደግፈው ስፋቱ እንዲታይ ያድርጉ። የጉድጓድ ውሃውን ጥልቀት በገመድ ለክተው ከነቀኑ ይጻፉ። ጎረቤቶችም እንዲሁ ያድርጉና አንድ ቅጂ ለአስተዳደሩ በደብዳቤ ይግባ። በኋላ ግድግዳው ቢሰነጠቅ ወይም ውሃው ቢሸሽ "ድሮም እንዲህ ነበር" ለሚል ሰው መልሱ እጅዎ ላይ ይኖራል።