በደሴ ብርድ ጠላ እንዴት ይጠመቃል?

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ናት። ብርዷ ጠላ ያዘገያል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትጠምቁት ያው ጥንስስ ቀድሞ ይደርሳል። እዚህ የምጽፋቸው ቀናት የደሴ ናቸው፤ ቆላ ያላችሁ ቀንሱ።

ለ20 ሊትር ያህል 5 ኪሎ ገብስ፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ 1 ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና ትንሽ የጌሾ እንጨት ያስፈልጋል።

ብቅል ገበያ ሞልቷል፤ እኔ ግን ቤት የበቀለውን አምነዋለሁ። ለብቅሉ የሚሆነውን ሌላ ገብስ ለቅማችሁ አንድ ቀን ዘፍዝፉት። ውሃውን አጥልሉና በኮባ ቅጠል ወይም በንጹህ ጆንያ ሸፍኑት። በ3 ወይም በ4 ቀን ጎንቁሎ ሥሩ ሲጠላለፍ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ሲደርቅ ይፈጫል። እህሉ ሲጎነቁል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም ያወጣል። እርሾው የሚበላው ያንን ስኳር ነው፤ አልኮሉም ጋዙም ከዚያ ይመጣል። የኮምቦልቻው ቢራ ፋብሪካም መነሻው የበቀለ ገብስ ነው። ለምሬቱ ቢራ ሆፕ ይገባበታል፣ የእኛ ጠላ ጌሾ።

ጋኑን በግራዋ ፈትጋችሁ እጠቡ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ከዚያ የወይራ ፍም ላይ ድፉትና ጢሱ በደንብ ይግባው። ጠላን ጠላ የሚያሰኘው ሽታ ከዚህ ነው የሚመጣው። እባካችሁ ይቺን አትዝለሏት።

አሁን ጥንስሱ። የጌሾውን ቅጠል በውሃ በጥብጣችሁ ጋኑ ውስጥ 3 ቀን አቆዩት። ከገብሱ 1 ኪሎውን ሳትቆሉ አስፈጩና ቂጣ ጋግሩበት። ቂጣውን ቆራርሳችሁ ከብቅሉ ጋር ጨምሩ። በ2 ወይም በ3 ቀን አረፋ እያወጣ መፍላት ይጀምራል። ካልጀመረ ጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ወደ ማድቤት አስጠጉት።

የቀረውን 4 ኪሎ ገብስ ጠቆር እስኪል ቆልታችሁ አስፈጩ፤ አሻሮ የምንለው ይህ ነው። በጠቆረ ቁጥር ጠላውም ይጠቁራል። ዱቄቱን ውሃ እያርከፈከፋችሁ እሹና ምጣድ ላይ እያገላበጣችሁ አብስሉት። እንኩሮ ሆነ ማለት ነው። እንኩሮው ፍጹም ይቀዝቅዝ! አንድ ፋሲካ ቸኩዬ ትኩሱን ጨመርኩት። ጥንስሱ ጭጭ አለ፤ ሙቀቱ እርሾውን ገድሎታል። ያን ሁሉ ልፋት ደፋሁት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቀዘቀዘውን እንኩሮና የጌሾውን እንጨት ጥንስሱ ላይ ጨምሩ። ድፍድፉ ወፍራም ሆኖ 5 ወይም 6 ቀን ይቀመጥ። ከዚያ ንጹህ ውሃ ሙሉበትና አፉን አሽጉት። አየር ከገባው ይኮመጥጣል። ፕላስቲክ ጀሪካን ከሆነ ግን ክዳኑን ጥርቅም አታድርጉት፤ ጋዙ ሊያፈነዳው ይችላል።

ከ4 ቀን በኋላ ቅመሱት። ሳይጣራ የሚቀዳው ጉሽ ነው። ለእንግዳ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ድፍድፉ ላይ እንደገና ውሃ ብትጨምሩ ቅራሪ ይወጣችኋል፤ ቀለል ያለ ነው፣ ለጥም ግን የሚያህለው የለም። አተላው ለከብት ይሰጣል።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን የምትጠሩ ከሆነ ቀሪቦውን፣ የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ፣ ቀድማችሁ አስቡበት። ጠላ ነክቶት በማያውቅ ዕቃ፣ ለብቻው ይዘጋጃል።