ትረካው እየተሰማ ታሪኩ ሲጠፋ፦ የፋንታሲና የሳይንስ ልብ ወለድ የድምፅ መጻሕፍት ችግርና መፍትሄ

የፋንታሲ ወይም የሳይንስ ልብ ወለድ የድምፅ መጽሐፍ ጀምረው ጥቂት ምዕራፎች እንደሄዱ የሚያቋርጡ አድማጮች አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን ለራሳቸው ትኩረት ማነስ ይሰጣሉ። ይህ ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ ተገቢ አይደለም። በእነዚህ ዘውጎች ደራሲው የሚፈጥረው ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን አገራቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ የዘመን አቆጣጠራቸውንና አንዳንዴም የተፈጥሮ ሕጉን ጭምር ስለሆነ፣ የታተመው መጽሐፍ ለአንባቢው ዓይን ብዙ መደገፊያ ያዘጋጃል፦ መግቢያው ላይ ካርታ፣ መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ፣ በትዕይንቶች መካከል ባዶ መስመር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የስሞቹን አጻጻፍ። ትረካው እነዚህን ሁሉ ትቶ ድምፁን ብቻ ያደርሳል። አድማጩ የጎደለው መደገፊያ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ሲተካው አብዛኛው ችግር ይቃለላል።

ማንኛውንም ነገር ከመለወጥዎ በፊት ችግሩ ከየት እንደመጣ ይለዩ። ታሪኩ ከጠፋብዎት ቦታ 30 ሰከንድ ያህል ወደኋላ ተመልሰው፣ ሌላ ሥራ ሳይሠሩ እንደገና ያዳምጡ። ቃሉ በዚያው ቦታ አሁንም የማይሰማ ከሆነ ጉድለቱ የቀረጻው ወይም የመሣሪያው ነው። ቃላቱ ጥርት ብለው ተሰምተው ትርጉማቸው ካልተያዘ፣ መጽሐፉ ገና ያላብራራው ወይም በጽሑፍ ብቻ የሚታይ ነገር አለ። በሁለተኛው ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ከሆነ ሐሳብዎ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር ማለት ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ ያው ወደኋላ መመለስ ነው።

ገጸ ባሕርያቱ ይቀላቀላሉ፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም

ዓይን እንግዳ የሆነን ስም በትክክል ሳያነበው እንኳ በቅርጹና በርዝመቱ ያውቀዋል። ጆሮ ግን ስሙን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በሚያልፍ ድምፅ ይዞ ማስቀረት ይኖርበታል። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ ብዙ የፋንታሲ ደራሲዎች የአንድን ቤተሰብ ወይም ጎሳ ሰዎች፣ ዝምድናቸው እንዲታወቅ ሲሉ፣ በሚመሳሰሉ ስሞች መጥራታቸው ነው።

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት በተለመደው ፍጥነት ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ አድርገው፣ በ0.9 ያህል፣ ያዳምጡ። ስሞቹንም በሰሙት ድምፅ ልክ በወረቀት ይጻፉ፤ ፊደላችን የተሰማን ድምፅ እንደተሰማ ለመጻፍ ምቹ ስለሆነ በሌላው ቋንቋ እንዴት እንደሚጻፍ መጨነቅ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ማዕረግ ሳይሆን አንድ የማይረሳ ነገር ያስፍሩ። ለምሳሌ ካሬንና ካሬል የሚባሉ ወንድማማቾች ቢኖሩ፣ «ካሬን፦ ታላቁ፣ ምሽጉን የሚጠብቀው፤ ካሬል፦ ታናሹ፣ ባሕር ተሻግሮ የሸሸው» ማለት ይበቃል። ስድስት ወይም ሰባት ስም ከተያዘ በኋላ የቀሩት በእነዚህ ዙሪያ እየተሰለፉ ይመጣሉና ሁሉንም ለመመዝገብ አይድከሙ።

ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ማጣትም የዚሁ ችግር አካል ነው። የሚታወቀው ምሳሌ የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው የፋንታሲ ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣው ሦስተኛ ቅጹ አባሪ ላይ ደራሲው «ሲ» የሚባለው የላቲን ፊደል ሁልጊዜ እንደ «ክ» እንደሚነበብ ደንግጓል፤ ስለዚህ «ኬሌቦርን» ብሎ የሰማ ሰው ስሙን በ«ኬ» ፊደል ጀምሮ ቢፈልገው በቀላሉ አያገኘውም። አስተማማኙ መንገድ የዚያኑ መጽሐፍ የዲጂታል ጽሑፍ ነፃ ናሙና ማውረድ ነው። ናሙናው የሚይዘው የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስለሆነ ካርታውና የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝር፣ ካሉ፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይገኛሉ። አንዳንድ ሻጮች ከድምፅ መጽሐፉ ጋር ካርታውን በፒዲኤፍ አያይዘው ይሰጣሉ፤ ብዙ አድማጭ መኖሩን ሳያውቅ ያልፈዋል። አንባቢዎች ያዘጋጇቸው የመረጃ ገጾች ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ የገጸ ባሕርዩን አሟሟት ሊነግሩዎት ስለሚችሉ መጽሐፉን እስኪጨርሱ ባይከፍቷቸው ይሻላል።

ቃሉ ይሰማል፤ ምን እንደሆነ ግን አይታወቅም

የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ አዲስ መሣሪያን ወይም ሥርዓትን፣ ዓለሙ ውስጥ ለሚኖሩት ሰዎች የተለመደ እንደሆነ ሁሉ፣ ያለማብራሪያ ስሙን ጠርቶ ማለፉ የዘውጉ የቆየ ስልት ነው። አድማጩ «አንድ ነገር አምልጦኛል» ብሎ ደጋግሞ ወደኋላ ይመለሳል፤ የተመለሰበት ቦታ ላይ ግን ማብራሪያ የለም። ከላይ ባለው ፈተና ቃሉ ጥርት ብሎ ከተሰማ ወደፊት ይሂዱ። ቃሉ በሦስትና በአራት አጋጣሚ ሲደጋገም ትርጉሙ ከአገባቡ ይወጣል፤ ይህ አለመግባት ደራሲው አስቦበት ያዘጋጀው ደስታ ነው ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉ የቃላት መፍቻ ካለው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 እንደታተመው «ዱን» የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ ሁሉ መጨረሻ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ የምዕራፍ ዝርዝሩን ከፍተው የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ይመልከቱ።

ሌላው የግራ መጋባት ምንጭ የምዕራፍ መክፈቻ ነው። ብዙ መጻሕፍት እያንዳንዱን ምዕራፍ ከምናባዊ የታሪክ መዝገብ፣ ከደብዳቤ ወይም ከትንቢት በተወሰደ ጥቅስ ይጀምራሉ። በወረቀት ላይ ጥቅሱ በተጋደመ ፊደል ስለሚታተም ይለያል፤ በትረካ ግን ያው ድምፅ ያነበዋል፤ አድማጩም ታሪኩ ወደ ሌላ ሰው የተሻገረ ይመስለዋል። ቦታውን፣ ዓመቱንና ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ የሚናገረው አጭር ርዕስም የሚነበበው ጆሮ ገና ካለፈው ትዕይንት ሳይላቀቅ ነው። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ፣ ምዕራፍ በተለወጠ ቁጥር 15 ሰከንድ ተመልሶ ርዕሱን መስማት ልማድ መሆን አለበት።

ታሪኩ በዘመን ወዲያና ወዲህ ይዘላል

ይህን ምልክት ለብቻው ያነሣሁት መንስኤው አንዳንድ ጊዜ ከደራሲው ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው ነው። መጽሐፉ በተበታተኑ የኤምፒ3 ፋይሎች ከሆነ፣ የፋይሎቹን ስም እንደ ጽሑፍ የሚደረድር ማጫወቻ ከ«1» ቀጥሎ «2»ን ሳይሆን «10»ንና «11»ን ያጫውታል። በሌላ ዓይነት ልብ ወለድ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል። የጊዜ ጉዞና ትዝታ በሞላበት ታሪክ ውስጥ ግን አድማጩ የደራሲው ብልሃት መስሎት ለሰዓታት ሊያዳምጥ ይችላል። ፋይሎቹን «001»፣ «002» በሚል ስም ይሰይሟቸው። ከብዙ ሲዲ የተገለበጠ ቅጂ ከሆነ በፋይሉ መረጃ ውስጥ የሲዲው ቁጥር መሞላቱንም ያረጋግጡ፤ ካልተሞላ የሁሉም ሲዲዎች አንደኛ ክፍል በአንድ ላይ ይሰለፋል። ዘላቂው መፍትሄ ሁሉንም ወደ አንድ የኤም4ቢ ፋይል ማዋሃድ ነው፤ ይህ ቅርጸት የምዕራፍ ክፍፍልን በውስጡ ይይዛል።

ፋይሎቹ በትክክል ተሰልፈው ታሪኩ አሁንም የሚዘል ከሆነ፣ ያገኙት ቅጂ ያጠረ ሊሆን ይችላል። በተለመደ የንባብ ፍጥነት አንድ ሰዓት ትረካ 9,000 ያህል የእንግሊዝኛ ቃላትን ይይዛል፤ ስለዚህ 300,000 ቃላት ያሉት መጽሐፍ 33 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቅጂው 10 ሰዓት ብቻ ከሆነ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተቆርጧል።

ሹክሹክታው አይሰማም፤ ጦርነቱ ጆሮ ይሰብራል

በአንድ ተራኪ የተነበቡ መጻሕፍት የድምፅ መጠናቸው አብዛኛውን ጊዜ የተስተካከለ ነው፤ ለምሳሌ ኤሲኤክስ የተባለው የማሳተሚያ መድረክ አማካዩ መጠን፣ ከዲጂታል ቀረጻ ከፍተኛ ወሰን ወደታች ሲቆጠር፣ ከ−23 እስከ −18 ዴሲቤል ባለው ክልል እንዲሆን ይጠይቃል። በብዙ ተዋንያን፣ በሙዚቃና በድምፅ ማጀቢያ የተሠሩት ግን ሆን ተብሎ እንደ ፊልም ሰፊ ልዩነት ይሰጣቸዋል። በተጨማሪም በስቴሪዮ ስለሚቀረጹ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው በሌላው በኩል የቆመውን ተናጋሪ ሊያጣ ይችላል። በስልኩ የተደራሽነት ማስተካከያ ውስጥ «ሞኖ»ን፣ ማለትም ለሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጠውን አማራጭ፣ ያብሩ፤ ማጫወቻው ድምፅ የማመጣጠን አማራጭ ካለው እሱንም ይጠቀሙ።

ድምፁን በአጠቃላይ ከፍ ማድረግ ግን መፍትሄ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ይህም የአንድ ወፍራም የፋንታሲ መጽሐፍ ርዝመት ያህል ነው። ጫጫታ ባለበት ቦታ የሚያዳምጥ ሰው የውጭ ድምፅን የሚከለክል ማዳመጫ ቢይዝ ጆሮውንም ታሪኩንም ያተርፋል።

ትረካው በራሱ ይቆማል፣ ወይም የቆመበት ቦታ ይጠፋል

ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ የሚቆም ከሆነ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ስልኩ መተግበሪያውን እየዘጋው ነው፤ በባትሪ ማስተካከያው ውስጥ ለዚያ መተግበሪያ ገደቡን ያንሱለት። ከኢንተርኔት በቀጥታ እያዳመጡ የሚቆራረጥብዎት ከሆነ አስቀድመው ያውርዱት፤ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተዘጋጀ ትረካ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይወስዳል። በሁለት መሣሪያ የሚያዳምጡ ከሆነ ደግሞ ከማጫወትዎ በፊት ሁለተኛው መሣሪያ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ የቆሙበትን ቦታ እስኪያገኝ ይጠብቁ፤ አለበለዚያ የቆየው ቦታ አዲሱን ሊሽረው ይችላል። ለመኝታ ሰዓት የእንቅልፍ ቆጣሪውን በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ይሙሉ፤ ከመተኛትዎም በፊት ዕልባት ያድርጉ።

ሁለተኛው ቅጽ የሌላ ዓለም ታሪክ ይመስላል

በተከታታይ መጻሕፍት መካከል ተራኪ ሲለወጥ የስሞቹ አጠራርም አብሮ ሊለወጥ ይችላል፤ አድማጩም አሮጌውን ገጸ ባሕርይ አዲስ ሰው አድርጎ ይቀበለዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በተመሠረተው ሊብሪቮክስ በተባለ የነፃ የድምፅ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ደግሞ አንባቢዎቹ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንኳ በየምዕራፉ ሊፈራረቁ ይችላሉ። ቀደም ሲል የጻፉት የስም ዝርዝር እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አዲሱን አጠራር ከአሮጌው አጠገብ ይጨምሩበት። ተከታታይ መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት ሁሉም ቅጾች በአንድ ተራኪ መነበባቸውን ያጣሩ። ናሙና ሲሰሙም ብዙ ሰው የሚነጋገርበትን ቦታ ይምረጡ፤ ተራኪው ሦስት ሰዎችን በድምፁ መለየት ካልቻለ የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቀረጻ ይፈልጉ፤ ከሌለ ደግሞ መጽሐፉን በጽሑፍ ያንብቡት።