የፕሮጀክት ፍላጎት ሰነድ እንዴት ይጻፋል? ከድሬዳዋ መጋዘን በር ጀምሮ

ድሬዳዋ ላይ ያለ አንድ አስመጪ ከጅቡቲ የሚገባለትን ዕቃ በደብተር ከመመዝገብ ወጥቶ ሲስተም ሊያሠራ ነው እንበል። ባለቤቱ «ኮንቴይነሮቹን የሚከታተል ነገር ሥሩልኝ» ይላል። ይህ ገና ምኞት ነው። ገንቢው ሊሠራው፣ ፈታሹም ሊያረጋግጠው ወደሚችል ዓረፍተ ነገር መቀየር የቢዝነስ አናሊስቱ ድርሻ ነው፤ እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ተሰብስበው የፍላጎት ሰነዱ ይሆናሉ።

1. በሩ ላይ ቁሙ

ከስብሰባው በፊት መጋዘኑ ሄዳችሁ ቢያንስ የሁለት መኪና ርክክብ ከመግቢያ እስከ መውጫ ተመልከቱ። ኃላፊው ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ይነግራችኋል፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ግን ደብተሩ ነው። አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሱት። በተለይ ዳር ዳሩ ላይ የተጫረውን አትለፉ፤ «ማኅተሙ ተሰብሯል»፣ «ግማሹ በሌላ መኪና» የሚሉት ቅጹ ቦታ ያልሰጣቸው ጉዳዮች እዚያ ናቸው።

የመጋዘን ጸሐፊውን፣ ትራንዚተሩን (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚውን)፣ ሾፌሩንና ሒሳብ ክፍሉን ለየብቻ አነጋግሩ። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚቀናው ካለ በቋንቋው የሚያናግር ሰው ይዛችሁ ሂዱ። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብትሉ የምኞት ዝርዝር ታገኛላችሁ። «ባለፈው ሳምንት በጣም ያስቸገራችሁ መኪና የቱ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

2. አንድ ቁጥር፣ አንድ ጉዳይ

እያንዳንዱ ፍላጎት የራሱን ቁጥር ይዞ («ፍ» ፍላጎት ማለት ነው) እንዲህ ይጻፋል፦

«ፍ-14፦ ጸሐፊው የኮንቴይነር ቁጥር ሲያስገባ ሲስተሙ 4 የላቲን ፊደልና 7 አሃዝ መሆኑን፣ የመጨረሻውም አሃዝ ትክክል መሆኑን ያረጋግጣል። ካልሆነ መዝገቡን አያስቀምጥም፤ ስህተቱንም በአማርኛ ያሳያል።»

በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የመጨረሻው አሃዝ የሚሰላው ከፊቱ ካሉት 10 ምልክቶች ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን የአጻጻፍ ስህተት ይይዛል። ከፍላጎቱ ሥር ጠያቂውን፣ ምክንያቱንና መቀበያ መስፈርቱን (በትክክል መሠራቱ የሚረጋገጥበትን) አስፍሩ፦ «CSQU 3054383 ሲገባ ያልፋል፤ መጨረሻው 4 ሲሆን ይመለሳል።» መቀበያ መስፈርት ልትጽፉለት ካልቻላችሁ ጉዳዩ ገና አልገባችሁም፤ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

«ፈጣን»፣ «ቀላል»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «ወዘተ» የሚሉትን አውጡ። ከእነሱ የባሰው ግን አድራጊውን የሚሰውረው ግሥ ነው። «ክፍያው ይጸድቃል» ሲባል ማን ያጸድቃል? እሱ ፈቃድ ላይ ቢሆንስ?

3. ቀንና ሰዓት

ለዚህ አንድ ሙሉ ስብሰባ ብትመድቡ አይበዛም። ከጅቡቲ የሚመጣው ሰነድ 20:00 ሲል ጸሐፊው ከምሽቱ 2 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። የ6 ሰዓቱን ልዩነት ማስላት የሲስተሙ ይሁን እንጂ የሰው አይሁን። የወር መምረጫው 13 ወር መያዙን፣ ጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን ጻፉ። ካልጻፋችሁ የወሩ ሪፖርት ጳጉሜን ሊዘላት ይችላል።

አስቸጋሪው ሌሊት ነው። መኪናው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ቢገባ ለተረኛው ገና አልነጋምና የትናንቱን ቀን ይጽፋል፤ ሲስተሙ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ቀይሯል። የማከማቻ ክፍያ በቀን የሚቆጠር ከሆነ የአንድ ቀን ጭቅጭቅ ተነሣ ማለት ነው። ስለዚህ ቀኑ መቼ እንደሚቀየር፣ የገባበት ቀን ይቆጠር እንደሆነ፣ ሒሳብ ክፍሉን ጠይቃችሁ ራሱን በቻለ ቁጥር ጻፉት።

4. ደረጃ፣ ፊርማ፣ ለውጥ

እያንዳንዱን ፍላጎት «የግድ»፣ «ቢኖር የሚመረጥ»፣ «ጊዜ ከተረፈ»፣ «በዚህ ዙር የማይሠራ» ብላችሁ ለዩ። ሁሉም የግድ ነው የሚል ባለቤት ካጋጠማችሁ «መብራት ጠፍቶ አንዱን ብቻ በእጅ መሥራት ብትችሉ የቱን ትመርጣላችሁ?» በሉት። የመጨረሻዋን ምድብ ባዶ አትተዉ፤ ምን እንደማይሠራ አስቀድሞ መጻፉ ርክክብ ላይ ከሚነሣ ጠብ ያድናል።

ሰነዱን ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ ስሪት 1.0 ብላችሁ አስፈርሙ። ከዚያ በኋላ በስልክም በቡና ላይም የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ በለውጥ ቅጽ ይግባ፦ ማን ጠየቀ፣ ለምን፣ ስንት የሥራ ቀን ይጨምራል፣ የትኞቹን ቁጥሮች ይነካል። ለክትትል ኤክሴል ይበቃል፤ ቁጥር፣ ጠያቂ፣ ደረጃ፣ ሁኔታ፣ የፍተሻ ቁጥር የሚሉ ዓምዶች ይኑሩት። ፍ-14 ቢሰረዝ «ተሰርዟል» ብላችሁ ቀኑንና ምክንያቱን አስፍሩ እንጂ ቁጥሩን ለሌላ ፍላጎት አትስጡ፤ ፈታሹ እጅ ላይ ያለው የቆየ ወረቀት አሁንም ፍ-14 ይላል።