የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒትን ከምግብ ሰዓት ጋር እንዴት እናስማማ?

ለጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ይሆናል፤ የሚወሰደውም በቀን ሁለቴና ከዚያ በላይ፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ነው። ይህን ሁሉ እፍኝ ሙሉ አድርጎ በአንድ ጉንጭ ውሃ መዋጥ ይቀላል። ችግሩ፣ አንዱ ምግብን መቅደም ሲኖርበት ሌሎቹ ምግብን ቢከተሉ ይሻላል።

መጀመሪያ መድኃኒቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይለዩ። ስሙ በ«ፕራዞል» የሚያልቀው (ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል) አሲድ የሚቀንሰው ነው። አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ሜትሮኒዳዞል እና ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያውን የሚገድሉት ናቸው።

ቀጥሎ አሲድ ቀናሹን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት በውሃ ይዋጡ። «በፊት» የተባለው በባዶ ሆድ ለመዋጥ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ምግብ እንዲመጣም ነው። የጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። ምግብ ሲገባ ይነቃሉ፤ መድኃኒቱም አጥብቆ የሚይዘው የነቁትን ነው። ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ኦሜፕራዞል ውጦ ቁርስ ሳይበላ እስከ ምሳ የሚቆይ ሰው የመድኃኒቱን ጉልበት ቀነሰው ማለት ነው። አንቲባዮቲኮቹም ጨጓራ ውስጥ በደንብ የሚሠሩት አሲዱ ሲቀንስ ነው። እንክብሉን አያኝኩ፣ አይፍጩ።

አንቲባዮቲኮቹን ምግብ እየበሉ ወይም ልክ እንደጨረሱ ይውሰዱ። አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ያለ ምግብም ወደ ደም ይገባሉ፤ ከምግብ ጋር የሚመከሩት ማቅለሽለሹን ለመቀነስ ነው። አፍዎ ብረት ብረት ወይም መራራ ቢል አይደንግጡ፣ ሕክምናው ሲያልቅ ይጠፋል። ሜትሮኒዳዞል ካለበት አልኮል ክልክል ነው፣ ካቆሙም በኋላ ለ3 ቀን። ቴትራሳይክሊን ከሆነ ደግሞ ወተት፣ የብረትና የካልሲየም እንክብል፣ የቃር ሽሮፕም ስለሚይዙት ቢያንስ በ2 ሰዓት ያራርቁ። ከታዘዙልዎ መድኃኒቶች መካከል ቢስሙት (ከአንቲባዮቲኮቹ ጋር አንዳንዴ የሚጨመር የጨጓራ መድኃኒት) ካለ ሰገራና ምላስ ያጠቁራል።

ሰዓቱን ከምግብዎ ወደኋላ እየቆጠሩ ያውጡ። ቁርስ 1:30 ከሆነ ኦሜፕራዞል 1:00 ላይ፣ አንቲባዮቲኮቹ 1:50 ገደማ። ማታም እንደዚያው፣ በ12 ሰዓት ልዩነት። ስልክዎ ላይ ሁለት ሁለት አላርም ይሙሉ፤ እኔ የማምነው አላርሙን እንጂ ትዝታን አይደለም። በወረቀቱ ላይ የታዘዘልዎ ሰዓት ከዚህ ከተለየ የፋርማሲ ባለሙያዎን ይጠይቁ።

ከረሱ እንዳስታወሱ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተዉት፣ ደርበው አይዋጡ። ሕመሙ በ5ኛው ቀን ስለቀለለ ማቋረጥ ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለማመድ ዕድል መስጠት ነው። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁመው ወደ ሕክምና ይሂዱ። ፔኒሲሊን የማይስማማዎ ከሆነ አሞክሲሲሊን ከመጀመርዎ በፊት ይናገሩ።

መጥፋቱን የሚያሳየው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ይደረጋል። ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ከምርመራ ሊደብቀው ስለሚችል፣ ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ከምርመራው 2 ሳምንት አስቀድመው ያቁሙት።